ያረጀ ወፍ ላባው ሲረግፍ፦ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ጭንቅላቱን ይመልከቱ

በአረጋውያን ቤት በመታፔሌትነት የምትሠራ አንዲት እህት ወደዚህ ገጽ ያመጣችው ጥያቄ ስለ ወፍ ቢሆንም ጉዳዩ የእንጀራዋም ጉዳይ ነው። የምትንከባከባቸው እናት 84 ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤት ውስጥ አብሯቸው የሚያድረው 16 ዓመት የሞላው አንድ ኮካቲል ብቻ ነው። ኮካቲል በአናቱ ላይ ጉትዬ፣ በጉንጩ ላይ ብርቱካንማ ክብ ምልክት ያለው፣ ጅራቱ ረጅም የሆነ ትንሽ የበቀቀን ዘር ነው። ከፋሲካ በኋላ የዚህ ወፍ ደረት መራቆት ጀመረ፤ ቀጥሎ ጭኑ። የእናትዮዋ ልጅ ቅዳሜ ለጥየቃ መጥታ አየችና «ቤቱን በምን እያጸዳሽ ነው?» ብላ ጠየቀች። እናትዮዋ ደግሞ ስልክ ከደወለላቸው ሻጭ «ላባ የሚያበቅል ጠብታ» ሦስት ጠርሙስ በ320 ሸቀል ገዙ። እህታችን የጠየቀችን ሁለት ነገር ነው፦ ጥፋቱ የኔ ነው ወይ? ጠብታውስ ይሠራል ወይ?

የሁለቱም መልስ ከአንድ ነገር ይጀምራል። የላባ መርገፍ ራሱ በሽታ አይደለም፤ እንደ ትኩሳት የሌላ ነገር ምልክት ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚገዛ መድኃኒት በግምት የተገዛ ነው። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚወቀስ ሰውም እንዲሁ በግምት የተወቀሰ ነው።

በመጀመሪያ ጤናማ የላባ ለውጥን ከሕመም መለየት ያስፈልጋል። ማንኛውም ወፍ አሮጌ ላባውን እየጣለ በአዲስ ይተካል፤ አብዛኛው የቤት በቀቀን በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ይቀይራል። በዚያ ጊዜ በክሉቩ ወለል ላይ ብዙ ላባ ቢታይ አያስደነግጥም። ላባው የሚወድቀው ጥቂት በጥቂት፣ በግራና በቀኝ ተመጣጥኖ ስለሆነ ወፉ ይሳሳል እንጂ ቆዳው አይታይም። በአሮጌው ቦታም በነጭ ሽፋን የተጠቀለለ፣ እሾህ የሚመስል አዲስ ላባ ብቅ ይላል። ቀዩ ወይም ሐምራዊው ቆዳ ከታየ፣ ላባው ተሰባብሮ ወይም ተቆርጦ ከተገኘ፣ ወይም ከሁለት ወር በኋላም ምንም ካልበቀለ ግን ነገሩ ከለውጥ አልፏል።

ቀጥሎ የሚደረገው ምርመራ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ የወፉን ጭንቅላት መመልከት ነው። ወፍ በምንቃሩ ደረቱን፣ ጭኑን፣ ጀርባውን፣ ከክንፉ ሥርም ሁሉ ይደርሳል። የማይደርስበት የራሱ ጭንቅላት ብቻ ነው። ስለዚህ ገላው ተራቁቶ የራሱ ላባ ሙሉና የሚያምር ከሆነ ላባውን የሚነጨው ወፉ ራሱ ነው ማለት ነው። ጥያቄውም «ለምን ይነጫል?» ይሆናል። ራሱም ጭምር ከተራቆተ ግን ወይ አብሮት ያለ ሌላ ወፍ እየነጨው ነው፣ ወይም ላባውን ከሥሩ የሚያበላሽ ሕመም አለ። ከእነዚህ አንዱ የምንቃርና የላባ ቫይረስ የሚባለው ነው። በደም ወይም በላባ ምርመራ ይታወቃል፤ ወደ ሌሎች በቀቀኖች ይተላለፋል፤ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። በብዛት የሚይዘው ግን ወጣት ወፎችን ስለሆነ ለዓመታት ብቻውን በኖረ አሮጌ ወፍ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠር አይደለም። አንድ የሚያታልል ነገር አለ፦ ነጭና ቢጫ ቀለም ያላቸው ኮካቲሎች ከጉትዬአቸው በስተኋላ መላጣ ይዘው ይወለዳሉ። የዘር ጉዳይ ነው፤ ሕክምናም አይፈልግም።

የእህታችን ወፍ ራሱ ሙሉ ነበር፤ ጉትዬውም ደህና። ስለዚህ ራሱን የሚነጭ ወፍ ነው።

ወጣት ወፍ ራሱን ሲነጭ ብዙ ጊዜ ስለ መሰልቸትና ስለ ብቸኝነት ይወራል፤ እውነትነትም አለው። በኢትዮጵያ ደጋ የሚኖሩት አረንጓዴ በቀቀኖች የሾላና የጽድ ፍሬ ሲፈልጉ ይውላሉ፤ የክሉቭ ወፍ ግን ሳህኑ ጠዋት ይሞላለታል፣ ቀኑ ይረዝምበታል፣ ምንቃሩም ሥራ ያጣል። ነገር ግን 15 ዓመት በሰላም ኖሮ በስተርጅና መንጨት የጀመረን ወፍ «ሰልችቶት ነው» ብሎ መተው ስሕተት ነው። ኮካቲል በጥሩ አያያዝ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይኖራል፤ 16 ዓመት የሽምግልና ዕድሜ ነው። በዚህ ዕድሜ መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው የሰውነት ሕመም ነው፦ ጉበት፣ ኩላሊት፣ እጢ፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት። ወፍ የሚያመውን ቦታ በቃል አይናገርም፤ የሚያመው ወይም የሚያሳክከው አካባቢ ያለውን ላባ ይነጫል። በኮካቲሎች ላይ ደግሞ ጂያርዲያ የተባለው የአንጀት ተሐዋሲ በተለይ ከክንፍ ሥርና ከጭን ላይ ከመንጨት ጋር ይያያዛል፤ እርሱም በኩስ ምርመራ ይፈለጋል።

ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ግን የምግብ ጉዳይ ነው። ብዙ ቤት ወፉ ዕድሜውን ሙሉ የሚበላው ከሱቅ የተገዛ የዘር ድብልቅ ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ሱፉን እየመረጠ ሌላውን ይተዋል። ሱፍ ቅባት የበዛበት፣ ቫይታሚን ኤ እና ካልሲየም ያነሰው ምግብ ነው። ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ቆዳው ይደርቃል፣ ላባውም ይከሳል፤ ቅባቱ ሲበዛ ጉበቱ በስብ ይሞላል። ምንቃሩ ያለ መጠን እየረዘመ ከሄደ የጉበት ሕመም ሊኖር ስለሚችል ለሐኪሙ ይንገሩ። እናትዮዋ ወፋቸውን በፍቅር ነበር የሚመግቡት፤ ሱፍ ይወዳል ብለው ሱፍ ያበዙለት ነበር።

አሁን ወደ ወቀሳው እንመለስ። «በምን እያጸዳሽ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከመሬት የመጣ አይደለም። የወፍ ሳንባ ከሰው ሳንባ በተለየ ሁኔታ አየርን ጠልቆ ስለሚወስድ እኛን የማያስለን ጢስ እርሱን ይጎዳዋል። ኤኮኖሚካ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ የበረሮ ርጭት፣ ሽቶ የሚረጭ መሣሪያ፣ ሲጋራ፣ እነዚህ ሁሉ ከወፉ መራቅ አለባቸው። ሲጋራ አጭሶ ወፉን የሚይዝ ሰው እጁ ላይ ያለው ኒኮቲን እንኳ ቆዳውን ያሳክከዋል። የቴፍሎን መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ሲረሳና ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ወፍ በምናሳድግበት በራሳችን ቤት ደግሞ ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ክሉቩን ወደ ሌላ ክፍል አውጥቶ በሩን መዝጋትና መስኮት መክፈት ይገባል፤ የቡናው ሥነ ሥርዓት ሳይቀር ወፉም ሳይጎዳ ይቻላል። ነገር ግን ጢስና ኬሚካል መጀመሪያ የሚያሳዩት ምልክት የአተነፋፈስ ችግር ነው፤ በየትንፋሹ ጅራቱ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፣ አፉን ይከፍታል። ደረትና ጭን ብቻ ለይቶ መራቆት የወለል ማጽጃ ሥራ ነው ለማለት ማስረጃ የለም። እህታችን በዚህ አትወቀስም፤ ኤኮኖሚካውን ግን ወፉ ካለበት ክፍል ታርቅ።

ጠብታውስ? ለዚህ መልስ ላባ እንዴት እንደሚበቅል ማወቅ ይጠቅማል። ከሥሩ ተነቅሎ የወጣ ላባ፣ ሥሩ ደህና ከሆነ፣ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይተካል። ተሰብሮ ወይም ተቆርጦ ጉቶው የቀረ ላባ ግን እስከሚቀጥለው የላባ ለውጥ ድረስ እንዳለ ይቆያል፤ ይህም ወራት ሊሆን ይችላል። ለዓመታት ደጋግሞ የተነጨ ቦታ ደግሞ ላባው የሚበቅልበት ቀዳዳ ጠባሳ ስለሚሆን ከእንግዲህ ምንም አይበቅልበትም። እንግዲህ የጠብታ ሻጭ «በፊት» እና «በኋላ» ብሎ ሁለት ፎቶ ሲያሳይ፣ በመካከል የተከናወነው የወፉ የራሱ የላባ ለውጥ ሊሆን ይችላል፤ ጠብታው ባይኖርም ይበቅል ነበር። በተቃራኒው ደግሞ በጠባሳ ላይ ምንም ጠብታ አያበቅልም። ተመርምሮ ቫይታሚን የጎደለው ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ በመጠን ያዝለታል። በግምት የሚሰጥ ቫይታሚን ኤ እና ዲ ግን ሲበዛ መርዝ ይሆናል፤ ውሃው ውስጥ ሲጨመርም የውሃውን ጣዕም ለውጦ ወፉን ከመጠጣት ሊያስቀረው ይችላል።

ስለ ተባይ ርጭትም አንድ ቃል። ብዙ ሰው ላባ ሲረግፍ መጀመሪያ የሚገዛው እርሱን ነው። ለዓመታት ብቻውን ቤት ውስጥ የኖረ ወፍ ከየት ተባይ ያመጣል? በትናንሾቹ በቀቀኖች፣ በቱኮኖች፣ የታወቀው የእከክ ተባይ እንኳ ምልክቱ በምንቃርና በእግር ላይ የሚታይ ነጭ ሻካራ ቅርፊት ነው እንጂ የደረት መራቆት አይደለም። ለእርሱም ቢሆን መድኃኒቱ የሐኪም ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ የሚገባው ለምርመራ ነው። ውሻና ድመት የሚያይ ሐኪም ሁሉ ወፍ አያይም። በስልክ ሲደውሉ «በቀቀኖችን በመደበኛነት ትመረምራላችሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ ልዩ ልዩ እንስሳትን፣ በዕብራይስጥ ኤክዞቲም የሚባሉትን፣ የሚያክም ሐኪም ይፈልጉ። ከመሄድዎ በፊት የመጀመሪያው ምርመራ ብቻ ስንት እንደሆነ፣ የደም ምርመራና ራጅ ከተጨመሩ ስንት እንደሚደርስ ለየብቻ ይጠይቁና ይጻፉ። ሐኪሙ ሁሉንም በአንድ ቀን ላድርግ ካለ «የትኛው ነው ሕክምናውን የሚለውጠው? ከየትኛው እንጀምር?» ማለት ነውር አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቀየምም። ትንሽ ወፍ ደም ይወሰድበታል ብለው አይፍሩ፤ ከጤናማ ወፍ እስከ ክብደቱ አንድ በመቶ የሚሆን ደም ያለ ጉዳት ይወሰዳል፤ ለ90 ግራም ወፍ ከአንድ ሚሊ ሊትር በታች ማለት ነው። ራጅ ግን አንዳንዴ ማደንዘዣ ይጠይቃል። ለአሮጌ ወፍ አደጋው ምን ያህል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። የአንድ ቀን ኩስ በንጹሕ ወረቀት ላይ፣ የወደቁ ላባዎች፣ የሚበላውን ምግብ ፎቶ ይዘው ይሂዱ። ሲጨርሱ ደረሰኝና የምርመራውን ውጤት በጽሑፍ ይቀበሉ። ሌላ ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ ሁለተኛ እንዳይከፍሉ ይረዳዎታል።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ሁኔታዎችም አሉ። ወፉ መድማት ከጀመረ፣ ሥጋውን እየበላ ከሆነ፣ መብላት ካቆመ፣ ክሉቩ ወለል ላይ ተነፋፍቶ ከተቀመጠ በዚያው ቀን ይሂዱ። ወፍ ሕመሙን ይደብቃል፤ ሲታይበት ብዙ ቆይቷል ማለት ነው። ከተሰበረ አዲስ ላባ የሚወጣን ደም በቆሎ ዱቄት ጫን አድርጎ በመያዝ ማቆም ይቻላል። ከዚያ ወደ ሐኪም ነው።

በቤት የሚደረገው እንክብካቤ ውድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። መጀመሪያ በግራም የሚመዝን የወጥ ቤት ሚዛን ያስፈልጋል። አብዛኛው ኮካቲል ከ80 እስከ 110 ግራም ይመዝናል። ጠዋት ሳይበላ መዝኖ በደብተር መጻፍ ነው፤ ከተለመደው ክብደቱ አንድ አሥረኛውን ካጣ አደጋ ነው። ይህን ካላደረጉ ምግቡን አይለውጡ። ከዘር ወደ ኩፍቲዮት፣ ማለት በእንክብል መልክ ወደሚሸጠው የተመጣጠነ የወፍ ምግብ፣ መሸጋገር ለሳምንታት ቀስ በቀስ የሚደረግ ነው። ዘሩን በአንድ ቀን ቢያነሱበት ኩፍቲዮቱን ምግብ መሆኑን ሳያውቅ በሞላ ሳህን ፊት በረሃብ ሊሞት ይችላል። ከዚሁ ጋር ካሮት፣ ባታታ፣ ጎመን፣ ቀይ ቃሪያ ተከትፎ ይሰጠው። ቃሪያው የሚያቃጥል ቢሆንም ግድ የለም፤ ወፍ የሚያቃጥለንን ነገር አይቀምሰውም፣ ሚጥሚጣም አያስለቅሰውም። የተዘጋጀ በርበሬና ወጥ ግን አይሆንም፤ ጨው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት። አቮካዶ ለወፍ መርዝ ነው፤ በየቤቱ ጠረጴዛ ላይ በሚገኝበት አገር ይህን ማወቅ ግድ ነው። ቡናና ቸኮላትም እንዲሁ።

ማዝጋን ቀኑን ሙሉ የሚሠራበት ክፍል አየሩ ይደርቃል። ነፋሱ በቀጥታ እንዳይመታው ክሉቩን ያዙሩ፤ በሳምንት ጥቂት ቀን በጠዋት ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ እንደ ካፊያ ይርጩለት። ሌሊት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ጨለማና ጸጥታ ያስፈልገዋል፤ ቴሌቪዥን እስከ እኩለ ሌሊት በሚበራበት ሳሎን ውስጥ ይህን አያገኝም። የተራቆተ ወፍ ስለሚበርደው ማታ ክፍሉ ሞቅ ይበል። ለአሮጌ እግር ማረፊያ እንጨቶቹ ዝቅ ይበሉ፤ ውፍረታቸው ይለያይ፤ አንዱ በጨርቅ ቢጠቀለል ጥሩ ነው። ቀን የሚቀዳድደው ወረቀትና የሚልጠው ለስላሳ እንጨት ይስጡት፤ ምንቃሩ ከራሱ ላባ ሌላ ሥራ ያግኝ።

ቆዳው ላይ ቅባት፣ ዘይት፣ ቫዝሊን አይቀቡ። ላባውን ያጣብቃል፣ ሙቀቱን ያሳጣዋል፣ ሲልሰውም ሆዱ ይገባል። ለሰው የተሠራ የሕመም ማስታገሻ በፍጹም አይስጡ። ለመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪሙ በጠብታ መጠን የሚያዘው የወፍ መድኃኒት አለ። በአንገት ላይ የሚታሰር መከላከያ ቆዳውን ለሚያቆስል ወፍ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ይጠቅማል። ምክንያቱን ግን አያክምም፣ አሮጌን ወፍም ያስጨንቃል።

ስለ 320 ሸቀሉ ደግሞ ሕጉ ግልጽ ነው። በ1981 በወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል። 65 ዓመት የሞላቸው፣ አካል ጉዳተኞች፣ እንዲሁም የዖሌ መታወቂያ ካገኙ 5 ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች ሻጩ አነጋግሯቸው ከሆነ እስከ 4 ወር ድረስ መሰረዝ ይችላሉ። የስረዛ ክፍያው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል፣ ከሁለቱ አነስተኛው ነው። ለ320 ሸቀል 16 ሸቀል ማለት ነው። ዕቃው ብልሽት ካለው ወይም እንደተነገረው ካልሆነ ያም አይከፈልም። በቶሎ የሚበላሽ ሸቀጥ ከዚህ ውጪ ነው፤ የተከፈተ ጠርሙስም ክርክር ያመጣልና ያልተከፈተውን አይክፈቱ። ስረዛውን በጽሑፍ ይላኩ፣ ቅጂውንም ይያዙ። ሻጩ እምቢ ካለ ለሸማቾች ጥበቃና ለፍትሐዊ ንግድ ባለሥልጣን አቤቱታ ማቅረብ፣ ያለ ጠበቃም ወደ አነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

ለሠራተኛዋ የምንለው ይኸው ነው። በሲዑድ ኩባንያ በኩል የምትሠራ ሴት የተቀጠረችው ሰው ለመንከባከብ ነው፤ የወፍ ሕክምና ኃላፊነት በዝምታ ጫንቃዋ ላይ ሊወድቅ አይገባም። ወፉን መመዘንና መመገብ እርሷ ከሆነች የምታደርገው ይህ ከቤተሰቡና ከራኬዜቷ ጋር በግልጽ ይነገር፤ አጭር መልእክት በስልክ መጻፍ ይበቃል። የተራቆተውን ቦታ በየሳምንቱ ፎቶ ማንሳት፣ ቀኑንም መጻፍ ወፉንም እርሷንም ይጠቅማል። ደግሞም የራሷን ጤና ታስብ። ኮካቲልና ጃኮ ብዙ የላባ ብናኝ ያወጣሉ፤ አስም ያለበትን ሰው ይጎዳል። ከወፍ ወደ ሰው የሚተላለፍ የሳንባ ኢንፌክሽንም አለ፤ በአንቲባዮቲክ ይታከማል፣ ግን ሐኪሙ ካላሰበው ያመልጠዋል። እርሷ ወይም እናትዮዋ ትኩሳትና ደረቅ ሳል ቢይዛቸው በኩፓት ሆሊም «ቤት ውስጥ ወፍ አለ» ብለው ይናገሩ። ክሉቩ ሲጸዳ ወረቀቱ ቀድሞ በውሃ ይርጠብ፤ በደረቁ አይጠረግ።

እህታችን ምክሩን ይዛ ከእናትዮዋ ልጅ ጋር ቁጭ ብላ ተነጋገረች፤ ልጅቱም ወፉን ወደ ሐኪም ወሰደችው። የተገኘው በስብ የተጎዳ ጉበትና የቀኝ እግር ቁርጥማት ነበር። የሕመም ማስታገሻ ታዘዘለት፤ ሱፉ ቀስ በቀስ ቀነሰ። ሁለቱ ያልተከፈቱ ጠርሙሶች ተመልሰው ገንዘባቸው መጣ፤ የተከፈተው አልተመለሰም። በአራተኛው ወር በደረቱ ላይ ግራጫ ለስላሳ ላባ በቀለ። ጭኑ ግን እንደተራቆተ ነው፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ ላይበቅል ይችላል ብሏል። ሚዛኑ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ደብተሩን አሁን የሚጽፉት እናትዮዋ ራሳቸው ናቸው።